የጥላው ተከራዮች

ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ዝቅ ብሎ፣ ከጋሪ ተራው ማዶ፣
ኒም ነበረች አንዲት፣ ሥሯ አስፋልቱን ቀዶ።
ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ፤ ሃያ ዓመት እሷን ተጠግቼ፣
የሰው እሮሮ ገለበጥሁ፣ በካርቦን አባዝቼ።

ከዚያ የቆርቆሮ አጥር መጣ።
ከአጥሩ ላይ ሥዕል፦ መስታወት የለበሰ ሕንጻ፣
ከሥሩ ሣር፣ ከሣሩ ላይ
ዣንጥላ የያዘች ሴት፣ ዝናብም ፀሐይም በሌለበት።
ኒሟን ፈለግሁ።
በሥዕሉ ውስጥ አልነበረችም።

ጂ ፕላስ ዘጠኝ።
ሰፈሩ እንዲህ ነው የሚጠራው፣
እንደ ጎበዝ ተማሪ፣ በውጤቱ።

ድንቄ፣ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር፣
ከጓደኛዋ ጋር ባሬላ ስታመላልስ፣
አምስተኛው ፎቅ ላይ ዞረባትና ግድግዳውን ያዘች።
ልስኑ አልደረቀም ነበር።
አውራ ጣቷ እዚያው ቀረ።
ከላዩ እምነ በረድ ለበሰ፤ ባለቤቱ አያውቅም።
እሷ ታውቃለች። እኔም፣ ስለነገረችኝ።
ልጇን የሰፈር ልጆች «ፎቁ» ይሉታል።
አጭር ነው።

እውነቴን ነው፣ ረገምሁት ሕንጻውን።
ግን የአዳማን ሚያዝያ ታውቃላችሁ?
እስክሪብቶ የሚያስለቅስ፣ ፈረስ የሚያስተኛውን?
ጥላው መጣ እንደ ትልቅ ሰው፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይጠራ፣
ተጋደመ ከጠረጴዛዬ፣ ከኑሪያ ሽንኩርት፣ ከባጃጁ ተራ።

ሦስት ሰዓት ላይ ረዥም ነው፤ እስከ ጋሪዎቹ ይደርሳል፣
ፈረሱም ጠባዩን ለምዶ፣ ሳይመሩት ይገሰግሳል።
አምስት ሰዓት ሲል ያጥራል፤ ወንበሬን ስቤ እከተላለሁ፤
ስድስት ሲሞላ ሕንጻው ይውጠዋል፤ ከነካርቦኔ እጋያለሁ።
ዘጠኝ ላይ ደግሞ በወዲያኛው ጎን፣ ከቦዩ ዳር ይወለዳል፣
መንገዱን እንሻገራለን፤ ኑሮ ከነኮተቱ ይሰደዳል።

ላይ፣ «የሚከራይ ቢሮ» የሚል ጨርቅ፣
ስልክ ቁጥሩን ፀሐይ የበላው።
አራተኛው ባዶ። ሰባተኛው ባዶ።
ዘጠነኛው ላይ እርግብ።
ታች፣ አንድ ቀን ቆጥሬ ነበር፣
ሠላሳ ሰባት ነፍስና ሁለት ፈረስ፣
ያለ ውል፣ ያለ ቀብድ።

ትናንት ወይዘሮ ሽታዬ መጡ፣ ከጋሪ ተራው ጀርባ ያሉት።
«ጻፍልኝ» አሉ። «ፀሐዬን ወሰደብኝ፣ የጠዋቷን።
የልጅ ልጄ ሌሊት ያመልጠዋል፤ ፍራሹን የት ላስጣው?
ለግቢዬ ካርታ አለኝ።
ፀሐይዋ ካርታው ውስጥ የለችም ወይ?»
ሲናገሩ ፎቁን ቀና ብለው አያዩም።
አንገታቸውን ያማቸዋል፤ ወይ ሌላ ነገር።
ሃምሳ ብር አስቀመጡ።

*ለከተማው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት*
*አዳማ*
*ጉዳዩ፦ የጠዋት ፀሐይ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ።*

«እኔ አመልካች» ብዬ ጀመርሁ፣
ከተከሳሹ ጥላ ሥር፣ ላብ ሳይነካኝ፣
ጉቦውን ከግንባሩ ላይ እንዳኖረ ዳኛ።
«በሕይወቴ ላይ ከፍተኛ በደል» የሚለውን
ሁልጊዜ የምጽፈውን ጻፍሁ፤
ከዚያ ሰረዝሁና «ፍራሹ አይደርቅም» አልሁ።

ምስክር አስፈለገ። ድንቄ ተጠራች።
መፈረም አትችልም፤ ሰማያዊ ቀለም አውራ ጣቷን ቀባሁት፣
ወረቀቱ ላይ አሳረፈችው፣ ጫን ብላ፣ ልማድ እንዳለው ሰው።
ቀና ብላ አምስተኛውን ፎቅ አየች።
«ሁለተኛዬ ነው» አለች።

ሽታዬ አልሰሙም፤ ብሩን እያስተካከሉ ነበር።
«ከሰላምታ ጋር» ስል እጄን ሞቀኝ።
ጥላው ከወረቀቱ ወርዶ፣
ከእግሬ ወርዶ፣ ወደ ቤቱ እየገባ ነው።
ኑሪያ ቅርጫቷን አነሳች፤ ባጃጆቹ ተንቀሳቀሱ።
«አትነሳም?» አለችኝ።

ጽፌ እስክጨርስ
ወንበሬን አልሳብሁም።